ያልታየችው ወፍም መረጃ ናት

ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንደኛው አይቶት የማያውቀው ወፍ ድንገት ፊት ለፊቱ ያርፍለታል። ስልኩን አውጥቶ ቆንጆ ፎቶ ያነሳና ይልካል። ሁለተኛዋ ጠዋት ወጥታ አንድ ቦታ ሃያ ደቂቃ ትቀመጣለች። ከዚያ «ድንቢጥ አምስት፣ እርግብ ሁለት፣ ሌላ ያየሁት የለም» ብላ ትልካለች። ለሳይንስ የበለጠ የሚጠቅመው የማን ነው?

አብዛኞቻችን ሳናመነታ የመጀመሪያውን እንላለን። የወፎች ቁጥር ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብሎ የሚያጠና ሰው ብትጠይቁ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው የሁለተኛዋን ነው። ያ አሰልቺ የሚመስል ዝርዝር ፎቶው ውስጥ የሌለ ነገር ይዟል። ምን እንደያዘ ለማየት ነገሩን ከሥሩ እንጀምር።

«የዜጎች ሳይንስ» የሚባለው ተመራማሪ ያልሆኑ ሰዎች በፈቃዳቸው ለምርምር የሚሆን መረጃ የሚሰበስቡበት ሥራ ነው። አስተማሪ፣ ተማሪ፣ ሹፌር፣ ጡረተኛ፣ አርሶ አደር፣ ማንም ሊሆን ይችላል። ደሞዝ የለውም። ያስፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ እንስሳት ሁሉም ቦታ አሉ፣ ተመራማሪ ግን ሁሉም ቦታ የለም። አንድ የቢራቢሮ ዓይነት በአገር ደረጃ እየቀነሰ መሆኑን ለማወቅ በመቶ የሚቆጠሩ ቦታዎችን፣ በየሳምንቱ፣ ለብዙ ዓመታት ማየት ይጠይቃል። ለዚህ ሁሉ ሰው ደሞዝ ከፍሎ የሚዘልቅ ተቋም ማግኘት ከባድ ነው።

ሐሳቡ ከስልክና ከኢንተርኔት ይበልጣል በዕድሜ። በ1900 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፍራንክ ቻፕማን የሚባል አሜሪካዊ የወፍ አጥኚ ነበር። በዚያ ዘመን በገና ሰሞን ሰዎች ቡድን ለይተው «ማን ብዙ ይገድላል» እያሉ አደን የሚወዳደሩበት ልማድ ነበራቸው። ቻፕማን መተኮሱ ቀርቶ ቆጠራ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ወጥተው ወደ 90 የሚጠጉ ዝርያዎችን መዘገቡ። ቆጠራው ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ይወጡበታል።

ወሬ መቼ መረጃ ይሆናል?

«ትናንት ጅብ አይቻለሁ» ወሬ ነው። ደስ የሚል ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማንም ምንም አይሠራበትም። መረጃ እንዲሆን አራት ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን።

«መቼ» ቀላሉ ነው፤ ስልኩ ራሱ ይይዘዋል። «ማን» ደግሞ ለወጉ ያህል የሚጻፍ ይመስላል እንጂ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ከዓመታት በኋላ ጥርጣሬ ቢነሳ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል። ያ ሰው ሌላ ምን ምን እንደመዘገበ ታይቶም ልምዱን መገመት ይቻላል።

ብዙው ነገር የሚበላሸው «የት» ላይ ነው። «ከወንዙ ማዶ» ለጻፈው ሰው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው፤ ለሌላው ግን ምንም አይነግረውም። ጂፒኤስ ያለው ስልክ ይህን አቅልሎታል። ያም ሆኖ የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንዱ ሰው ሲዞር ውሎ ቤቱ ከገባ በኋላ ይመዘግባል፤ ልብ ካላለ ቦታው ቤቱ ሆኖ ይያዛል። ከዚያ ካርታው ላይ ሳሎን ውስጥ የታየ ጉማሬ ይመጣል።

ቦታው በትክክል መያዙ ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ምክንያቱም ተመራማሪው ምልከታውን ብቻውን አያነበውም። ከሳተላይት የደን ካርታ፣ ከዝናብ፣ ከመሬቱ ከፍታ ጋር ያጋጥመዋል። ተራራማ ቦታ ላይ ነጥቡ ግማሽ ኪሎ ሜትር ከተዛነፈ ደጋ የነበረው ወፍ ቆላ ይገባል። ስለዚህ ጥሩ መተግበሪያዎች ነጥቡን ብቻ ሳይሆን ስህተቱ እስከ ስንት ሜትር ሊደርስ እንደሚችልም ይይዛሉ። ስፋቱን የማይደብቅ ግምት፣ ትክክለኛ መስሎ ከቀረበ የተሳሳተ ነጥብ በእጅጉ ይሻላል።

ቦታ ሌላም ነገር ያድናል። አፍሪካ ውስጥም ከአፍሪካ ውጭም ያለ አንድ የቀበሮ ዓይነት ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠር ኖሯል። በ2015 የወጣ የዘረ መል ጥናት ግን የአፍሪካው ራሱን የቻለ፣ ከቀበሮው ይልቅ ወደ ተኩላ የሚቀርብ ዝርያ መሆኑን አሳየ። እንዲህ ሲሆን የቆዩት መዛግብት ሁሉ ስማቸው ተሳሳተ ማለት ነው። ቦታ ከተጻፈላቸው ግን ችግር የለም፤ አፍሪካ ውስጥ የታየው ወደ አዲሱ ስም ይዛወራል። ቦታ የሌለው መዝገብ ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚያውቅ የለም።

ሙያ የሌለው ሰው ቢሳሳትስ?

ይህን ሥራ የሰማ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «ምን» የሚለውን ጥያቄ ተራ ሰው እንዴት ይመልሳል? መልሱ ብቻውን አይመልስም ነው።

አይናቹራሊስትን እንውሰድ። በ2008 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ተማሪዎች ለማስተርስ ማሟያ የጀመሩት ሥራ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰዎች ያዩትን ተክልና እንስሳ ይልኩበታል። ፎቶው ሲገባ በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ «ይህን ይመስላል» ብሎ ይጠቁማል። ከዚያ ሌሎች ሰዎች አይተው ይስማማሉ ወይም ይቃወማሉ። ቢያንስ ሁለት ሰው ኖሮ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት በዝርያው ከተስማሙ፣ ቀኑና ቦታውም ካለ፣ ምልከታው ለምርምር የሚበቃ ተብሎ ይመደባል። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ጂቢአይኤፍ ወደሚባለው የዓለም የብዝኃ ሕይወት መረጃ ማዕከል ይሄዳሉ። ማዕከሉ በ2001 የተመሠረተ ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን ነው። ከ2 ቢሊዮን በላይ መዛግብት አሉት፤ ማንም ሰው በነፃ ያያቸዋል።

ኢበርድ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በ2002 የተጀመረ የወፍ መመዝገቢያ ነው። ለየአካባቢውና ለየወሩ የሚጠበቁ ወፎችና የሚጠበቀው ቁጥር አስቀድሞ ተቀምጦለታል። በዚያ ወር እዚያ የማይታይ ወፍ ብትመዘግቡ፣ ወይም አንድ ሁለት የሚታየውን መቶ አድርጋችሁ ብትጽፉ፣ ሲስተሙ ያዝ ያደርገዋል። ከዚያ አካባቢውን የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ ይጽፍላችኋል። «ፎቶ አለ? ድምፁን ሰምተሃል?» ዓይነት ጥያቄ ነው። አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ይከፋዋል። መከፋት አያስፈልግም፤ አንጋፋ የሚባሉትም ይጠየቃሉ።

ሌላው መፍትሔ የብዙ ሰው ዓይን ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ሰረንጌቲ ላይ ተመራማሪዎች 225 በእንቅስቃሴና በሙቀት ራሳቸውን የሚያስነሱ ካሜራዎች ተከሉ። ፎቶው ጎረፈ፤ ለጥቂት ሰው የማይገፋ ክምር ሆነ። በ2012 ኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ ከፈቱት። ወደ 28 ሺህ የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ተመዝግበው እየተመለከቱ «ይህ የሜዳ አህያ ነው፣ ይህ አንበሳ ነው» አሉ። እያንዳንዱ ፎቶ ለብዙ ሰው ታየ፤ የብዙኃኑ መልስ ተወሰደ። በኋላ ባለሙያዎች ከሰጡት መልስ ጋር ሲመሳከር 96.6 በመቶው በዝርያ ገጠመ። አንድ ሰው ብቻውን ሲሳሳት ሌሎቹ በተመሳሳይ መንገድ አብረውት አይሳሳቱም፤ ዘዴው የሚሠራው ለዚህ ነው። በጣም የሚመሳሰሉ ወይም እምብዛም የማይታዩ እንስሳት ላይ ግን ሁሉም አብሮ ሊሳሳት ይችላል። እዚያ ባለሙያ መግባቱ አይቀርም።

ስለ ኮምፒውተሩ ጥቆማ አንድ ነገር ልበል። የሚማረው ከፎቶ ነው። ብዙ ፎቶ ከተላከበት አካባቢ የመጣውን በደንብ ያውቃል። ጥቂት ፎቶ ከወጣበት አካባቢ የመጣ ጥንዚዛ ሲያይ ግን የሌላ አህጉር ዘመድ ስም በልበ ሙሉነት ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥቆማ ዝም ብሎ መጫን ጥሩ አይደለም። «ጥንዚዛ መሆኑን አውቃለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም» የሚል መዝገብ ያዋጣል። ከፍ ካለ ምድብ ላይ ይቀመጥና የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ወደ ዝርያው ያወርደዋል። ባዶ ግምት ግን ሌሎችንም ይዞ ይሳሳታል፤ አንዱ ሲስማማ ሌላው ይከተላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር

አንድ የወፍ ዓይነት በ2015 አሥር ጊዜ ተመዘገበ፣ በ2025 ሃምሳ ጊዜ ተመዘገበ እንበል። ወፉ አምስት እጥፍ ሆነ? ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ መተግበሪያውን የጫኑ ሰዎች በዙ። ወይም አንድ አስጎብኚ እዚያ ሰው መውሰድ ጀመረ። ከቁጥሩ ብቻ መለየት አይቻልም። የጎደለው ሰው ምን ያህል እንደፈለገ ነው። ስንት ሰዓት? ስንት ኪሎ ሜትር? በስንት ሰው?

የሁለተኛዋ ሴት ዝርዝር የያዘው ይህንን ነው። ሃያ ደቂቃ መሆኑ ታውቋል። አንድ ቦታ መቀመጧ ታውቋል። ከሁሉ በላይ «ሌላ ያየሁት የለም» ብላለች። ይህች ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች እንጂ የእነዚያን ሰባት ወፎች ብቻ ሳይሆን የሌሎቹን ሁሉ ነገር የምትናገር ናት። አካባቢው መቶ የወፍ ዓይነት ካለው፣ ዘጠና ስምንቱ ተፈልገው አልታዩም ማለት ነው። ፎቶ የላከው ሰው ግን ስለ ሌሎቹ ምንም አላለም። አይቶ ትቷቸው ይሆናል፤ አላያቸውም ይሆናል።

ኢበርድ ዝርዝር ስትልኩ «የለያችኋቸውን ወፎች ሁሉ ጽፋችኋል?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል። እኔ እንደማየው ግን ከሁሉም ጥያቄዎች ውድ የሆነው እሱ ነው። «አዎ» ከተባለ ያልተጻፈው ወፍ ዜሮ ሆኖ ይቆጠራል። «አይ» ከተባለ ያልተጻፈው ባዶ ነው። ዜሮና ባዶ ደግሞ አንድ አይደሉም።

ትንሽ እንግፋበት። ዜሮ ማለት ወፉ የለም ማለት ነው? እሱም አይደለም። ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ይሆናል፤ ዝም ብሎ ይሆናል። ይህን ለመለየት ተመራማሪዎች ድግግሞሽን ይጠቀማሉ። ወፉ በእርግጥ እዚያ አለ እንበል፤ በአንድ ጉዞ የመታየት ዕድሉ ግማሽ ነው። በአንድ ጉዞ የማምለጥ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። በሁለት ጉዞ ሁለቴም የማምለጥ ዕድሉ 25 በመቶ ይሆናል። በሦስት 12.5 በመቶ፣ በአምስት ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። አምስቴ ሄዳችሁ አምስቴም ዜሮ ከሆነ «የለም» ለማለት በቂ ምክንያት አላችሁ። አንዴ ሄዶ ዜሮ ማምጣት ብዙም አያስኬድም። አንድን ቦታ ደጋግሞ የሚያይ ሰው በየጊዜው አዲስ ቦታ ከሚያሳድድ ሰው የሚበልጥበት ነገር አለ የምለው ለዚህ ነው።

ጥሩ የቆጠራ ሥርዓቶች ሕጋቸው ቢበዛም ከዚሁ ሐሳብ የመጡ ናቸው። ከ1976 ጀምሮ በብሪታንያ በሚካሄደው የቢራቢሮ ቆጠራ በጎ ፈቃደኛው ቋሚ መንገድ ይመርጣል። ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር በየሳምንቱ ይሄድበታል። ግራና ቀኝ 2.5 ሜትር፣ ወደ ፊት 5 ሜትር ውስጥ ያለውን ብቻ ይቆጥራል። ከዚያ ውጭ የፈለገው ዓይነት ውብ ቢራቢሮ ቢያልፍ አይቆጠርም። በብርድና በዝናብም አይቆጠርም፤ በዚያን ጊዜ ቢራቢሮ አይበርምና ቁጥሩ ስለ አየሩ እንጂ ስለ ቢራቢሮው አይናገርም።

እዚያው ብሪታንያ ከ1979 ጀምሮ ሰዎች በየግቢያቸው ወፍ የሚቆጥሩበት ፕሮግራም አለ። አንድ ሰዓት ነው። የሚጻፈው በሰዓቱ ውስጥ የመጣው ሁሉ ድምር ሳይሆን በአንድ ቅጽበት አብሮ የታየው ትልቁ ቁጥር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዷ ወፍ ስድስት ጊዜ ብትመላለስ ስድስት ወፍ እንዳትሆን።

ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ያለው የወፍ አትላስ ደግሞ መሬቱን በአራት ማዕዘን ይከፋፍላል። እያንዳንዱ ጎን ወደ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጎ ፈቃደኛው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይዞራል፤ ያየውን ዝርያ በታየበት ቅደም ተከተል ይጽፋል። ቅደም ተከተሉ ምን ይሠራል? በብዛት ያለ ወፍ ቶሎ ይታያል፤ ጥቂቱ ወደ መጨረሻ ይመጣል። አንድ ወፍ በፊት ሦስተኛ ይጻፍ የነበረ፣ ከዓመታት በኋላ ሠላሳኛ መጻፍ ከጀመረ አንድ ነገር አለ። አንድ በአንድ ሳይቆጠር ብዛቱ ፍንጭ ሰጠ ማለት ነው። ብልህ ዘዴ ነው።

እንዲህ ባለው ትዕግሥት የተገኘው ውጤት ግን አያስደስትም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከ1966 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በመራቢያ ወቅት ወፍ ይቆጥራሉ። ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ይጀምራሉ። ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ላይ 50 ጊዜ ይቆማሉ፤ በየማቆሚያው ሦስት ደቂቃ። በዋናነት በዚህ ቆጠራ ላይ የተመሠረተ ጥናት በ2019 ወጣ። ከ1970 ወዲህ አሜሪካና ካናዳ ወደ 2.9 ቢሊዮን የሚጠጉ ወፎች ማጣታቸውን አሳየ። ከጠፉት ብዙዎቹ ብርቅዬ ወፎች አይደሉም፤ እንደ ድንቢጥ ያሉ ማንም የሚያውቃቸው ናቸው። ብርቅዬውን ብቻ የሚያሳድድ ሰው ይህን አያየውም ነበር።

የጀርመኑ ደግሞ የባሰ ነው። ክሬፌልድ በምትባል ከተማ የነፍሳት ወዳጆች ማኅበር አለ። አባላቱ በአብዛኛው ለፍቅሩ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ከ1989 ጀምሮ ድንኳን የሚመስል የነፍሳት ወጥመድ በተጠበቁ ቦታዎች ይተክሉ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ወጥመድ፣ አንድ ዓይነት አተካከል። የገባውን ይመዝናሉ፤ በአልኮል ያስቀምጣሉ። በ2017 የ63 ቦታዎች መረጃ ተደምሮ ሲተነተን በ27 ዓመት ውስጥ የበራሪ ነፍሳት ክብደት ከ75 በመቶ በላይ ወርዷል። ዜናው ዓለምን ዞረ። ወጥመዱን በየጊዜው «ለማሻሻል» ቢሞክሩ ኖሮ ግን ይህን ማለት አይችሉም ነበር፤ የቀነሰው ነፍሳቱ ይሁን የወጥመዱ አያያዝ አይለይም።

ታዲያ ፎቶው ከንቱ ነው?

በፍጹም። ጥያቄው ይለያያል። «ስንት አሉ፣ እየቀነሱ ነው ወይ?» ለሚለው ሙሉ ዝርዝር ያስፈልጋል። «እዚህ አለ ወይ?» ለሚለው ግን አንድ ጥሩ ፎቶ ይበቃል።

በ2006 አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት ልጆች ጀርባዋ ላይ ዘጠኝ ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ቀይ ጥንዚዛ አገኙ። ያቺ ጥንዚዛ በምሥራቃዊ አሜሪካ ለ14 ዓመት አልታየችም ነበር። ከእሷ ወገን የሆነች አንዲት የእስያ ጥንዚዛ ደግሞ የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ ተባዮችን እንድትበላ ተብሎ ወደ አውሮፓ ተወስዳ ነበር። በ2004 ብሪታንያ ገባች። እየተስፋፋች የት እንደደረሰች በዋናነት የታወቀው ሕዝቡ በላከው ምልከታ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ባለ ሁለት ነጠብጣቧ የአገሬው ጥንዚዛ 44 በመቶ መቀነሷም የታየው በዚሁ መረጃ ነው።

የሞናርክ ቢራቢሮም ታሪክ አለ። ካናዳዊው ፍሬድ ኧርካርት ለአሥርት ዓመታት በጎ ፈቃደኞችን እያስተባበረ በክንፋቸው ላይ ትንሽ ወረቀት ያስለጥፍ ነበር። የብርዱን ወቅት የት እንደሚያሳልፉ አይታወቅም ነበር። በ1975 ሜክሲኮ ተራሮች ላይ ማደሪያቸው ተገኘ። በ1976 ኧርካርት ራሱ እዚያ ሄዶ ሚኒሶታ ውስጥ ምልክት የተለጠፈባት ቢራቢሮ አገኘ። ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛለች። አንዲት ቢራቢሮ፣ አንድ ምልክት፣ ጥያቄው ተመለሰ።

ፎቶ ለቆጠራም የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2016 ሰሜን ኬንያ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ለሁለት ቀን ወጥተው የግሬቪ የሜዳ አህያን ፎቶ አነሱ። የአንዱ መስመር ከሌላው አይገጥምም፤ ስለዚህ ኮምፒውተር እያንዳንዱን መለየት ይችላል። ሁሉም በቀኝ ጎን ብቻ እንዲያነሱ ተነገራቸው። የግራና የቀኝ ጎን መስመር አንድ ስላልሆነ አንዱ አህያ ሁለት ሆኖ እንዳይቆጠር ነው። ቀሪው ስሌት ነው። በመጀመሪያው ቀን 100 አህያ ተነሳ እንበል። በሁለተኛው ቀን 100 ተነሳ፤ ከነሱ ግማሾቹ ትናንት የታዩ ናቸው። ስለዚህ ትናንት የታዩት የጠቅላላው ግማሽ ገደማ ናቸው፣ ጠቅላላው ወደ 200 ነው። የእውነተኛው ውጤት ለኬንያ 2,350 ገደማ ሆኖ ተገመተ።

ካርታው ላይ ያለው ክፍተት

በጎ ፈቃደኛ የሚወጣው ሲመቸው ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ ቀን፣ ከመንገድ አጠገብ፣ ከተማ ዳር። የሚያየውም ትልቁን፣ ባለቀለሙን፣ የማይናከሰውን ነው። ጂቢአይኤፍ ውስጥ ካለው መዝገብ ከግማሽ በላይ የወፍ ነው። የወፍ ዝርያ ግን 11 ሺህ ገደማ ሲሆን ስም የወጣላቸው ነፍሳት ወደ አንድ ሚሊዮን ናቸው። ሚዛኑን እናንተው ፍረዱት።

ከዚህ የባሰው ዘመቻ የሚያመጣው ነው። በ2016 በሎስ አንጀለስና በሳን ፍራንሲስኮ መካከል የተጀመረ የከተሞች የምዝገባ ውድድር አለ። አሁን በመላው ዓለም በኤፕሪልና በሜይ መካከል ይካሄዳል። ለቅስቀሳ እሰየው ነው። ግራፉን ሳያስተውል የሚያነብ ሰው ግን እንስሳቱ በሙሉ በዚያ ሳምንት የሚፈለፈሉ ይመስለዋል። የሚፈለፈሉት ሰዎቹ ናቸው።

ተመራማሪዎች ይህን በስሌት ያቃናሉ። በብዛት ከተመዘገበበት ቦታ ጥቂት ይወስዳሉ፤ የመንገዱን ርቀት ያስገባሉ። ሰው ጨርሶ ያልሄደበትን ቦታ ግን የትኛውም ስሌት አይሞላውም። ስለዚህ ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ስታዩ «እንስሳ የለም» ከማለት በፊት «ሰው ሄዷል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰውስ? በ1990ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሉዊስ ሊበንበርግ ሳይበርትራከር የተባለ ሶፍትዌር ሠራ። ፊደል የለውም፤ ሥዕል ነው። ዱካ በማንበብ የተካኑ ግን ያልተማሩ ሰዎች ሥዕሉን እየነኩ የአውራሪስን ዱካ፣ የበላውን ተክል፣ ቦታውን መዘገቡ። ከሜዳው ጋር ያደጉ ሰዎች የሚያዩትን ሌላው አያየውም። ሥራውን የዲግሪ ባለቤት ብቻ የሚችለው አድርጎ የሚያስብ ካለ ይህን ይመልከት።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። አዳኝም ኢንተርኔት ያነባል። የአውራሪስ ወይም የብርቅዬ ወፍ ጎጆ ትክክለኛ ነጥብ ለሁሉም ክፍት ከሆነ መዝገቡ ራሱ ገዳይ ይሆናል። አይናቹራሊስት ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ነጥብ ይደብቃል፤ ጎኑ ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚደርስ አራት ማዕዘን ውስጥ በዘፈቀደ ያስቀምጠዋል። እናንተም በፈቃዳችሁ መደበቅ ትችላላችሁ፤ ግቢያችሁ ውስጥ የታየውንም እንዲሁ። ፎቶውን በሌላ ማኅበራዊ ገጽ ከነቦታው ከለጠፋችሁት ግን ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ጎጆ አትቅረቡ፤ ለፎቶ ብላችሁ ቅርንጫፍ አትስበሩ።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ብዙ ነገር አያስፈልገውም። በሳምንት አንድ ጊዜ ሳይጨነቅ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ይምረጥ። ሩቅና ውብ ከሚሆን ቅርብና ተራ ቢሆን ይሻላል፤ ሩቁ በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቻል። ሰዓቱንና የሚቆይበትን ደቂቃ ይወስን፤ አይቀያይረው። ሁሉንም እንስሳ ልያዝ አይበል፤ ወፍ ብቻ ወይም ቢራቢሮ ብቻ ይበቃል። የሚያውቃቸው አምስት ዝርያዎች ብቻ ከሆኑም «እነዚህን አምስቱን ብቻ ነው የምቆጥረው» ብሎ ማስታወሻው ላይ ይጻፍ። ያኔ ዜሮው የአምስቱ ዜሮ ነው፤ ለሌሎቹ አይሆንም።

ያልወጣችሁበትን ሳምንት ደግሞ በዜሮ አትሙሉት። ዝናብ ነበር፣ እንግዳ መጣ፣ ደከማችሁ፤ ይሁን። «አልወጣሁም» ብላችሁ ጻፉ፣ ወይም ባዶውን ተዉት። ዜሮ የሚጻፈው ወጥታችሁ፣ ፈልጋችሁ፣ ስታጡ ብቻ ነው።